ውሃው ያልበላው ክር

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ፣ ሻጩ የጆንያው አፍ የተሰፋበት ናይለን አልፈታ ብሎት ሲታገል አየሁና ላግዘው አልኩ። ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩት። አልተበጠሰም። ጣቴን ግን ዙሪያውን ሰርስሮ ነጭ መስመር አወጣበት፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ሥጋ ወዲያው ጠቆረ። ሻጩ በምላጭ ቆርጦ ገላገለኝ። ቁራጩን መሬት ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት። "ምነው?" አለኝ። ክሩን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው ሴትዮዋን ምን ነካት በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም ሰውን እንደዚያ ማየት የተማርኩት በእንዲህ ያለ ክር ምክንያት ነው።

ጊዜ ካለህ ልንገርህ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ባሌ ውስጥ፣ ጎሮ ነበር። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እናቴ ሮቤ ነርስ ስለነበረች የምትመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ እሁድ ማታ ትመለሳለች። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ የአባቴና የእኔ ነበር። እሱ ሽሮ ይሠራል፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፤ እሱ ደብተር ያርማል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አጠናለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው አለ ብትለኝ አላምንህም ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በእጁ ብቻ የሚስለው ክብ በኮምፓስ የተሳለ ይመስል ነበር። ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ አይታይም። መንገድ ላይ አንዲት ወረቀት ብትወድቅበት ተመልሶ ያነሳታል።

ያደገው ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ለዚህም ይመስለኛል ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነበር። ወደ ጎሮ ስንመጣ ከመጻሕፍቱ ሌላ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ያመጣው ነገር መንጠቆዎቹና አንድ ትልቅ ጥቅል አረንጓዴ የናይለን ክር ነው። ጥቅሉ ከበራችን ኋላ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። በከተማው ሌላ ዓሣ አጥማጅ ስላልነበረ፣ ባርሲሳ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ውሃ ሲያይ ይውላል እያሉ ይስቁበታል። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ የገዛ ስሙ እስኪረሳ ድረስ ሁሉም የሚጠራው እንደዚያ ነበር።

ከከተማው በታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። በበጋ ውሃው ሲቀንስ እዚያ ላይ ፍሰቱን ትቶ ይተኛል፤ ኩሬ ይመስላል። ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ሥሮቹን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ ቆሟል። የረጠበው ጭቃና የበሰበሰው የሾላ ፍሬ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሐል ሾልካ ስትገባ ውሃው የሻይ ቀለም ይይዛል። ማዶ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የውሃ ኤሊዎች ይወጡ ነበር። ስምንት ነበሩ። አንገታቸውን አስረዝመው፣ አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ ወጥታ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቅጠል ከወደቀ ወይም ጥላ ካለፈ ተከታትለው ይገባሉ፤ ጥልም፣ ጥልም፣ ጥልም። እኔ መጽሐፍ ይዤ እቀመጥና ከማነበው ይልቅ እነሱን ስቆጥር እውል ነበር።

ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አዛውንት ጎረቤት ነበሩን። ላሞቻቸውን የሚያጠጡት እዚያ ነው። ኤሊዎቹን በእሳቸው ቋንቋ "ቆጫ" ይሏቸዋል፤ እነሱ ድንጋዩ ላይ እስካሉ ድረስ ውሃው ደህና ነው፣ ከብቶቼን ያለ ስጋት አጠጣለሁ ይሉኝ ነበር። አማርኛቸው ትልቁንም ትንሹንም በአንተና በአንቺ የሚያናግር ነው፤ አባቴንም ጭምር። እኔን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አባቴ መንጠቆውን ሲወረውር ብዙ ጊዜ የሾላው ሥር ይይዝበታል። ወዲህ ይስባል፣ ወዲያ ይስባል፤ እምቢ ሲለው ጥንግ ብሎ ይበጠሳል፣ ካልሆነም በምላጭ ይቆርጠዋል። የቀረው ውሃ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ እሱስ?" አልኩት። ሌላ መንጠቆ እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "ውሃው ይበላዋል" አለኝ። አመንኩት። የማላምንበት ምን ምክንያት ነበረኝ?

መጀመሪያ የሞተችው ወፍ ናት። ጥምቀት አልፎ ነበር። ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትልቅ ጥቁር ወፍ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ፣ ክንፏ እንደተዘረጋ ደርቃ አየሁ። ነፋስ ሲነካት በቀስታ ትሽከረከራለች። ምን እንደያዛት ከታች ሆኖ አይታይም፤ ባዶ አየር ላይ የቆመች ትመስል ነበር። ጎረቤታችን ሲያዩዋት ፊታቸው ተለወጠ። ይህ የሰው እጅ ነው፣ ሰው ለክፉ ነገር አስቦ ያሰራት ነው ብለው ለሳምንት ያህል ላሞቻቸውን በሌላ መንገድ ወሰዱ። ከዚያ ኤሊዎቹ ማነስ ጀመሩ። ስድስት ሆኑ። ቀጥሎ አንዷን ከሾላው ሥር ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተንሳፋ አገኘኋት። የቀሩት አምስቱ እኔን ሲያዩ ከድሮው ቀድመው ውሃ ውስጥ መግባት ለመዱ። ያም ሆኖ ስለ አረንጓዴው ክር አንድም ቀን አላሰብኩም። ክሩ የአባቴ ነበርና፣ የአባቴ ነገር ደግሞ ከክፉ ነገር ጋር በአእምሮዬ አንድ ላይ አይገባም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ መረበኛው መጣ።

ከዝዋይ በኩል ነው የመጣው ተባለ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያነብም ሲያይም ዓይኑን የሚያጠብ ሰው ነበር። ሻይ ቤቱ ጓሮ ያለች ክፍል ተከራይቶ፣ በጾሙ ዓሣ ለሚፈልጉ መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች እየጠበሰ ይሸጥ ጀመር። መረቡን ማታ ወንዙ ላይ ዘርግቶ ያሳድራል፣ ማለዳ ሰው ሳይነሳ ይሰበስባል። ከማን እንደተወለደ፣ ለምን አገሩን ትቶ እንደመጣ ማንም አላወቀም። ስሙን እንኳ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መረበኛው፣ በቃ።

ወሬው ከየት እንደተነሳ አላውቅም። ውሃው ላይ ዱቄት ሲበትን ታይቷል ተባለ። ዓሣው በራሱ እየተንሳፈፈ የሚመጣለት መድኃኒት አድርጎበት ነው ተባለ። ወፏንም የሰቀላት እሱ ነው ተባለ። ወፏ የሞተችው እሱ ከመምጣቱ በፊት እንደነበረ የሚያስታውስ አልተገኘም። እኔ ቀኑን ሳይቀር አውቀው ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ሰውዬውን ከጠረጠርኩት በኋላ ቀኑ ራሱ ከውስጤ ጠፋ። እንዲህ መሆን እንደሚችል አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

እከታተለው ጀመር። ከትምህርት መልስ በሻይ ቤቱ በኩል እዞራለሁ። በጓሮው አጥር ቀዳዳ አየዋለሁ። መረቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀደደውን ሲጠግን፣ ምን እየደበቀ ነው እላለሁ። ሰላም ሲለኝ ለምን ሰላም አለኝ እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከወንዙ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። ትከሻው ላይ እርጥብ ጆንያ ይዟል። ጆንያው ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ክብ፣ ጠንካራ ነገር። ኤሊ እንደሆነ አወቅኩ። እሱም ማወቄን አወቀ፤ ፍጥነቱን ጨመረ። በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። እንዲያውም ጨመርኩበት፤ ደም ነበረው አልኩ። ደም አላየሁም።

በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ላም መብላት አቆመች። መንጋጋዋ አብጦ ምራቋ ይዝረበረባል። የእንስሳት ሐኪሙ ተጠርቶ አፏን በእንጨት ከፍቶ ሲያይ ምላሷ ሥር መንጠቆ ተሰክቶ አገኘ። ከመንጠቆው ጋር የአንድ ስንዝር ያህል ክር ነበረበት፤ ወንዝ ዳር ሣር ስትግጥ አብራ ወስዳው ነው። ላሚቱ አልሞተችም። ወተቷ ግን ደረቀ። ጎረቤታችን የሚታለብ ሌላ ላም አልነበራቸውም።

የከተማው ሽማግሌዎች ነገሩን ሊዳኙ ከአንድ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አባቴ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ተጠርቶ ነበር፤ በጽሑፍ የሚቀመጥ ነገር ሲኖር ሁልጊዜ የሚጠራው እሱ ነው። መረበኛው መሐል ላይ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ስለ ጆንያው ያየሁትን እንድናገር ስጠየቅ ተነስቼ ተናገርኩ። ደሙንም ደገምኩት።

መረበኛው ብዙ አልተከራከረም። መረቤ ሁለት ኤሊ ይዟል አለ፣ አንዷን በሕይወት ለቅቄያለሁ፣ አንዷ ግን ትንፋሽ አጥሯት ሞታ ነው ያገኘኋት፤ ይህ ጥፋቴ ነው። ክሩ ግን የእኔ አይደለም። መንጠቆ የሚባል ነገር የለኝም። ክፍሌን ፈትሹ።

"መንጠቆህንማ ወንዝ ውስጥ ጥለኸው ነው" አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ።

በዚያን ጊዜ ነው ክሩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር የጀመረው። ሐኪሙ ከላሚቱ አፍ ያወጣውን መንጠቆ በወረቀት ጠቅልሎ ለትልቁ ሽማግሌ ሰጥቷቸው ነበር። እሳቸው አይተው ለቀጣዩ ሰጡ፤ ያም ለቀጣዩ። ከሁለተኛው ሰው ወደ ሦስተኛው ሲያልፍ ፀሐይ መታው። አረንጓዴ ነበር።

በዓለም ላይ ስንት አረንጓዴ ክር አለ አልኩ በልቤ። አባቴን አየሁት። ክሩ እጁ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ነካው። የአባቴን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ለእኔም አስተምሮኛል። ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘው እንጃ። ለእኔ በጣም ረዘመብኝ። ከዚያ ከጎኑ ላሉት ሽማግሌ አቀበለና እስክሪብቶውን አነሳ።

መረቡ እንዲቃጠል ተወሰነ፤ ሰውዬውም በሐሙሱ ገበያ አውቶቡስ እንዲሄድ። መረቡን ወንዙ ዳር ከምረው ጋዝ አርከፈከፉበት። ናይለን ሲቃጠል እንደ እንጨት አይነድም፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ጥቁርና ወፍራም ነው። ጉሮሮዬ ላይ ሦስት ቀን ቆየ። መረበኛው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አየ። አባቴ እዚያ አልነበረም፤ ደብተር አለብኝ ብሎ ወደ ቤት ሄዷል።

ቤት ስገባ በሩን ዘግቼ ዞር አልኩ። ሚስማሩ ባዶ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ሦስት ቀን የረዘመብኝ ጊዜ የለም። አባቴ እንደ ወትሮው ሽሮ ሠራ፣ ስለ አልጀብራ ጠየቀኝ፣ ሬዲዮ ሰማ። እኔ አፌን ለጉሜ እከታተለዋለሁ። ሲያስል ለምን አሳለ እላለሁ። ወንዝ ለምን አልወረድክም ስለው ወገቤን አሞኛል አለኝ፤ ወገቡን ሲያሽ አየሁት፣ ጎንበስ ሲል ግን አላመመውም። ጠረጴዛው ላይ የቃለ ጉባኤውን ረቂቅ አገኘሁ። በዚያ ውብ ጽሕፈቱ፣ "ከላሚቱ አፍ የወጣ አንድ መንጠቆ ከነክሩ" ይላል። ቀለሙን አልጻፈውም። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ቤቱን ፈተሽኩ። ጥቅሉን ያገኘሁት የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ካርቶን ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ማወቁን አውቄአለሁ፤ እኔ ማወቄን ግን እሱ አላወቀም።

ረቡዕ ከትምህርት ስመለስ መረበኛው ሻይ ቤቱ በር ላይ ጠራኝ። ልሸሽ አሰብኩ፤ ግን ቆምኩ። ጓሮ ገብቶ ያንኑ ጆንያ ይዞ ወጣና መሬት ላይ አስቀምጦ አፉን ከፈተው።

"ያየሽው ይኸን ነው" አለኝ።

ውስጡ አንዲት የውሃ ኤሊ ነበረች። አንገቷ ዙሪያ ቆዳው ለሁለት ተከፍሎ እንደ ከንፈር አብጧል፤ ከእብጠቱ መሐል የአረንጓዴ ክር ጫፍ ወጥቷል። ራሷን ወደ ውስጥ ልትመልስ ትሞክራለች፣ አይታጠፍላትም። ከሾላው ሥር ተይዛ ነው ያገኘኋት አለኝ፤ ቆርጬ አመጣኋት፣ ሥጋዋ ውስጥ የገባውን ግን ማውጣት አልቻልኩም፣ ዓይኔ ቅርብ አያይልኝም። ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን አላሳየሃቸውም አልኩት። ይዣት ብቀርብ ሌባው ከነኤሊው ተያዘ ይሉኝ ነበር አለ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ጆንያውን እያሰረ፣ "አባትሽን ብዙ ማለዳ ወንዙ ዳር አይቻቸዋለሁ" አለኝ። "ያየሁትን ብናገር ከእሳቸውና ከእኔ ማን ይታመን ነበር?"

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ስለ ደሙ ዋሽቼብሃለሁ አላልኩትም። ጆንያውን አንስቼ ሄድኩ። ይኸው ነው የሠራሁት። ዛሬ ቢሆን እንዲህ እለዋለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ለብቻዬ እንደተናገርኩ አትጠይቀኝ።

አባቴ ደብተር እያረመ ነበር። ኤሊዋን ከደብተሮቹ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ኤሊዋን አያት፤ ክሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገው። ተነስቶ ምላጭና የፈላ ውሃ አመጣ።

"ያዢልኝ" አለ።

በሁለት እጄ ያዝኳት። ፈርታ ከሰውነቷ የለቀቀችው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የበሰበሰ ነገርና የእርጥብ ብረት ሽታ የተቀላቀለበት፣ ዓይን የሚያስነባ። አባቴ ክሩን በመርፌ ጫፍ እያነሳ ትንሽ ትንሽ ቆረጠው። ያ ሰሌዳ ላይ የማይዛባ እጅ ሁለት ጊዜ ክሩን ሳተው። ሦስት ዙር ነበር። ሦስተኛው ሲወጣ ደም መጣ፤ ያኔ ነው በእውነት ደም ያየሁት።

"ያን ቀን ክሩን ስታየው አውቀኸዋል?" አልኩት።

"አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ?"

ምላጩን ውሃው ውስጥ አስቀመጠ። "ልናገር ነበር" አለ። "አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩት።"

ከዚያ እኔም ስለ ደሙ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ሁለታችንም ኤሊዋን እያየን ተቀመጥን።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። አባቴ በጠዋት አውቶቡሱ ጋ ሄደ። መረበኛው ገበያተኛ ሳይሞላ ማለዳ በወጣ የጭነት መኪና ሄዷል አሉት። ቀጥሎ ጎረቤታችን ቤት ሄድን፣ አብሬው ነበርኩ። ደጃፍ ላይ ቆሞ መንጠቆው የእኔ ነው አላቸው። እንዲገባ አልጋበዙትም። ላሚቱ ከጎናቸው ታመሰኳለች። "ለእኔ ነገርከኝ፣ ባርሲሳ" አሉት። "ለእሱ ማን ይነግረዋል?"

ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ጭራሽ መስማት አልፈለጉም። ልጆቻችንን የምታስተምር ሰው ነህ፣ ሰውየው ሄዷል፣ ነገሩ አልቋል፣ እዚሁ ይቅር አሉት። አባቴ ቃለ ጉባኤው ይስተካከል ብሎ ለመነ። መዝገቡን ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉት። ሰዎቹ ሁሉ ያፈሩ ይመስሉ ነበር፤ ግን በመረበኛው ላይ ባደረጉት አልነበረም ያፈሩት፣ አባቴ ዝም ባለማለቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ የምንወርደው ክር ለማውጣት ሆነ። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ ጠማማ ሽቦ ያለው ረጅም እንጨት ይዞ የሾላውን ሥር ያስሳል፤ እኔ የወጣውን እሰበስባለሁ። ጎሮ ከመጣን ወዲህ የተከማቸ የሦስት ዓመት ክር ነው። አንዱም አልተበላም። አልጌ ለብሶ፣ ቅጠልና የወፍ ላባ ይዞ፣ የዓሣ አጥንት ተጠላልፎበት ይወጣል። ሾላው ላይ የተንጠለጠለችውን ወፍ ያወረዳት አባቴ ራሱ ነው፤ ያን ሁሉ ወር እዚያው ነበረች፣ እጁ ላይ ስትወድቅ ክብደት እንኳ አልነበራትም። እግሯ ላይ ያለውን ክር ሲፈታ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ኤሊዋን እናቴ ከሮቤ ባመጣችው ሐምራዊ የቁስል ቀለም እየቀባን ሁለት ሳምንት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አቆየናት። ለቀቅናት። ቁስሏ ድኗል፤ አንገቷ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፈም። ድንጋዩ ላይ ካሉት አራቱ መሐል እሷን ለመለየት አያስቸግርም፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ሲሰበስቡ የእሷ ውጭ ይቀራል። እኔ ገና ከሩቅ ስመጣ ከሁሉ በፊት ውሃ ውስጥ የምትገባውም እሷ ነበረች።

ክረምት ላይ አባቴ ዝዋይ ሄደ። አዲስ መረብ ገዝቶ ነበር። ሐይቁ ዳር ጀልባዎቹ ጋ እየዞረ፣ ባሌ ጎሮ ሄዶ የነበረ አንድ መረበኛ ታውቃላችሁ ሲል ሳቁበት። እዚህ ሁሉም መረበኛ ነው፣ ስሙን ንገረን አሉት። ስሙን አያውቅም። ማናችንም አናውቅም ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ እንኳ አባቴ በገዛ እጁ የጻፈው "መረበኛው" ብሎ ነው። ሁለት ቀን ፈልጎ መረቡን አንድ ለማያውቀው ሽማግሌ አጥማጅ ሰጥቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሮቤ ተዛወርን።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። አባቴ እውነቱን ተናግሮ፣ ተዋርዶ፣ ወንዝ ለወንዝ ክር ሲለቅም በዓይኔ አይቼ እንኳ እሱን መከታተሌን መተው አልቻልኩም። ዝም ሲል፣ በር ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ሲያመሽ፣ ውስጤ ያ ባዶ ሚስማር ይመጣል። አንድም ቀን በአፌ አላወጣሁትም። እሱ ግን አውቆታል። ከዚያ በጋ ጀምሮ ቤት ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ውሎውን ይነግረኝ ጀመር። ከስብሰባ በኋላ ሻይ ጠጣሁ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ፣ አንድ ተማሪ ተቆጥቼ ነበር፣ ከዚያ በቀጥታ መጣሁ። ተድሬም፣ ልጅ ወልጄም፣ በስልክ ይደውልልኝና ይነግረኝ ነበር። ሰው ለሚስቱ የማይናገረውን ትንሽ ትንሹን ሁሉ። ይበቃል አባዬ፣ አምንሃለሁ ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። ነገ እላለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

በመጨረሻው ጊዜ እኔ ጋ፣ ሮቤ ነበር የተኛው። ልቡ ደክሞ ነበር። አንድ ከሰዓት ከሱቅ ስመለስ የመስኮቱ ፀሐይ ብርድ ልብሱ ላይ አርፏል፤ ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ዓይኑን ሳይከፍት ጀመረ። ጎረቤት መጥቶ ነበር። ግማሽ ሙዝ በላሁ። ትንሽ ተኛሁ። ነጯን ኪኒን ግን አልዋጥኳትም፣ ምሬቷ አስጠላኝ፤ ትራሴ ሥር ናት።

እሺ ብዬ መተው እችል ነበር። እጄ ቀደመኝ። የትራሱን ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ኪኒኗ በላብ ርሳ፣ ጠርዟ ተፈርፍሮ፣ አንሶላው ላይ ነበረች።

"አለች?" አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"አለች፣ አባዬ" አልኩት።